ምን እየተቆጠረ ነው? የጨዋታ ካርታ ሲሠራ ስለሚገጥም የማከማቻ ገደብ

በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠና ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማስታወቂያውን አንብቦ «ጨዋታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው?» ብሎኛል። መልሴን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮምፒዩተር ግራፊክስ ኮርስ አራት ተማሪዎች ለማጠቃለያ ሥራቸው ዱም ለተባለው የቆየ ጨዋታ አንድ ካርታ ሠሩ። ከዐለት የተፈለፈለ ሕንፃ፣ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ፣ ቦዮቹን የሚያገናኙ ጠባብ ዋሻዎች። ጊዜው የገና ዋዜማ ሌሊት ነው፤ በየግድግዳው ሥር ጧፍ ይበራል። ከየት እንደ ቀዱት ለማንም ግልጽ ነበር። በማቅረቢያው ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ መጫወቻውን ተቀብሎ ሩብ ሰዓት ያህል በቦዩ ውስጥ ሲዘዋወር ቆየና፣ ያለበትን ሁኔታ ለማስቀመጥ ሴቭ የሚለውን ተጫነ። ጨዋታው ወዲያው ተዘጋ። በሰሌዳው ላይ የቀረው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ «ሴቭጌም በፈር ኦቨርረን» ይላል። የማስቀመጫው ቋት ሞልቶ ፈሰሰ እንደ ማለት ነው።

የቡድኑ መሪ የነበረችው ተማሪ ዐይኗ እንባ አቅርሮ «ዶክተር፣ የካርታችን ፋይል አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ከመቶ ጊጋባይት በላይ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሞላው?» አለችኝ። የሦስት ወር ሥራ ነበር። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ስለ ነበረ ዛሬ ለእናንተም አቀርበዋለሁ። ካርታ የሚሠራ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው «ስንት ቦታ ቀረኝ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት «እዚህ ላይ ምን እየተቆጠረ ነው?» ብሎ ነው።

ጥቂት የቃል ስምምነት እናድርግ። ተጫዋቾች ሌቭል የሚሉትን እኔ ዛሬ ካርታ እለዋለሁ። ካርታ ፕሮግራም አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው መረጃ ነው። ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ ተጫዋቹ ራሱ በካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አዲስ ካርታ መሥራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ገደብ የምንለው ነገር ደግሞ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይኖራል፤ ካርታው በሚቀመጥበት ዲስክ ላይ፣ ካርታው ሲከፈት በሚዘረጋበት ራም ውስጥ፣ እንዲሁም በፋይሉ አሠራር በራሱ፣ ማለትም ነገሮችን የምንቆጥርበት ቁጥር ስንት ቢት እንደ ሆነ። ገበሬ እህሉ ጎተራ ስለ ገባለት ብቻ አይጨነቅም ማለት አይደለም፤ ጆንያውም አህያውም የየራሳቸው ልክ አላቸው። የእኔ ተማሪዎች የለኩት ጎተራውን ነበር፤ የተሰበረው ግን አህያው ነው።

ከቀላሉ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ብሮደርበንድ የተባለው ኩባንያ ሎድ ራነር የሚባል ጨዋታ አወጣ። የሠራው ዳግላስ ስሚዝ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ጨዋታው 150 ካርታዎች ነበሩት፤ ከዚህም በላይ ከካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ጋር ነበር የሚሸጠው። ለገዢው ካርታ የመሥራትን ዕድል ከሰጡት ቀደምት ጨዋታዎች አንዱ ነው።

አንድ የሎድ ራነር ካርታ ወደ ጎን 28፣ ወደ ታች 16 ካሬዎች ያሉት ሰሌዳ ነው፤ በድምሩ 448 ካሬ። በአንድ ካሬ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ነገር ዐሥር ዓይነት ብቻ ነው፤ ባዶ፣ የሚቆፈር ጡብ፣ የማይቆፈር ድንጋይ፣ መሰላል፣ መንጠልጠያ፣ የውሸት ጡብ፣ የተሰወረ መሰላል፣ ወርቅ፣ ጠባቂና ተጫዋቹ። ዐሥር ዓይነት ለመለየት 4 ቢት ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ካሬ በአንድ ባይት ይገባል፤ ሙሉው ካርታ 224 ባይት ይሆናል። የአፕል ቱ ኮምፒዩተር ዲስክ የተከፋፈለው ደግሞ በ256 ባይት ክፋዮች ነው። አንድ ካርታ፣ አንድ ክፋይ። 32 ባይት ይተርፋል። መቶ ሃምሳው ካርታ በሙሉ 38,400 ባይት ይይዛል፤ ዲስኩ በጠቅላላው 143,360 ባይት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የዚህ አሠራር ጠባይ በዐይን የሚታይ አይደለምና። በዚህ ሰሌዳ ላይ ባዶ ካርታና እስከ አፉ የተሞላ ካርታ ዋጋቸው እኩል ነው። ካርታ ሠሪው ስለ ማከማቻ አንድም ጊዜ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ዳግላስ ስሚዝ አስቀድሞ አስቦለታል። ክፍያው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሰሌዳው 29ኛ ዓምድ ሊኖረው አይችልም። ዐሥሩ ዓይነት ወደ ዐሥራ ሰባት ቢያድግ ደግሞ 4 ቢት አይበቃም፤ በ5 ቢት ካርታው 280 ባይት ይሆናል፣ ከክፋዩም ይወጣል። ይህን 17 የሚል ቁጥር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው መንገድ ካሬዎቹን ሳይሆን ዕቃዎቹን መዘርዘር ነው። የዚህ ዝነኛ ምሳሌ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነው። ጨዋታው በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው፤ 32ቱ ለፕሮግራሙና ለካርታው፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ካርታው የዕቃዎች ዝርዝር ነው፣ እያንዳንዱ ዕቃ 2 ባይት ይወስዳል፤ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ያህል ርዝመት ያለው የጡብ ረድፍ አኑር» እንደሚል ትእዛዝ ነው። አንድ ጡብም ሆነ የዐሥር ጡብ ረድፍ 2 ባይት ነው። ባዶ ሰማይ ደግሞ በነፃ ነው። ሥዕሉም እንደዚሁ ተቆጥቧል፤ ሰማይ ላይ ያለው ነጭ ደመናና መሬት ላይ ያለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፣ ቀለማቸው ብቻ ይለያያል። የዓለም 5 ሦስተኛ ካርታም ከዓለም 1 ሦስተኛ ካርታ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ እንዲከብድ ተደርጎ ነው የቀረበው። በልጅነታቸው የተጫወቱት ብዙዎች ይህን ሳያስተውሉ አድገዋል።

በዚሁ ዘመን የነበረ አንድ ሌላ ጨዋታ ሳልጠቅስ አላልፍም። ኤክሳይትባይክ የተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር ተጫዋቹ የራሱን የውድድር መንገድ እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር። በጃፓን የተሠራው መንገድ የሚቀመጠው በካሴት መቅጃ ነው። መቅጃው ግን በአሜሪካ አልተሸጠም፤ የማስቀመጫው ምርጫ በሰሌዳው ላይ ይታያል፣ አይሠራም። የመመሪያው መጽሐፍም ይህንኑ በግልጽ ያምናል። አሜሪካዊው ልጅ የሠራው መንገድ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ገደብ ዜሮ የሆነበት ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ወደ ዱም። ዋናው ጉዳያችን እዚህ ነውና ትንሽ እንቆይበታለን።

ዱም በታኅሣሥ 10 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኢድ ሶፍትዌር የሠራው ጨዋታ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ጆን ካርማክ ተጫዋቾች ካርታ እንዲሠሩ አስቀድሞ አስቦ ነበር። መረጃው ሁሉ ዋድ በሚባል ፋይል ከፕሮግራሙ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የተጫዋቹ ካርታ በሌላ ትንሽ ዋድ ሆኖ ከመጀመሪያው ጎን ይጫናል፣ መጀመሪያውን ሳይነካ። ስለዚህ ካርታ ሠሪው የሚያከፋፍለው የራሱን ሥራ ብቻ ነው፤ የኩባንያውን ሥዕልና ድምፅ መቅዳት አያስፈልገውም። ይህ ብቻውን ከሁሉም የሚበልጥ የማከማቻ ቁጠባ ይመስለኛል።

የዱም ካርታ የካሬ ሰሌዳ አይደለም። ነጥቦች አሉ፣ ነጥብን ከነጥብ የሚያገናኙ መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ወይም ሁለት ገጽ አለው፣ በመስመሮች የታጠረው ቦታ ሴክተር ይባላል፤ የወለሉን ከፍታ፣ የጣሪያውን ከፍታና ብርሃኑን የሚወስነው ሴክተሩ ነው። ከእነዚህ ሌላ «ነገሮች» አሉ፤ ጭራቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ጧፍ፣ ሁሉም በአንድ ስም ነገር ይባላሉ። ዋጋቸው እንዲህ ነው፤ ነጥብ 4 ባይት፣ መስመር 14፣ ገጽ 30፣ ሴክተር 26፣ ነገር 10።

አንድ ተራ አራት ማዕዘን ክፍል እናስላ። አራት ነጥብ 16 ባይት፣ አራት መስመር 56፣ አራት ገጽ 120፣ አንድ ሴክተር 26። ድምሩ 218 ባይት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ገጽ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ገጽ የሦስት የግድግዳ ሥዕሎችን ስም፣ ለላይኛው፣ ለታችኛውና ለመካከለኛው፣ እያንዳንዱን በ8 ፊደል፣ በሙሉ ይጽፋል። 24 ባይት ለስም ብቻ! ግድግዳው ባዶ ቢሆን እንኳ ሰረዝ ተጽፎ 8 ባይቱ ይያዛል። ስለዚህ በዱም የሚከብደው ክፍሉ ሳይሆን ግድግዳው ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሁለት ገጾች በሁሉም ነገር አንድ ከሆኑ፣ ሁለቱም መስመሮች ወደ አንዱ እንዲያመለክቱ ማድረግ ይቻላል፤ አርባ አንድ ዓይነት ዓምድ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ቁጠባው ትልቅ ነው። ይህ ለባይቱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የገጹ መለያ ቁጥር 16 ቢት ስለ ሆነ ዲስኩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ከ65,535 በላይ ገጽ ሊኖር አይችልም። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው መስመር ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ፣ ተጫዋቹ ሲጫነው የግድግዳው ሥዕል ይለወጣል፤ ገጹን የሚጋሩት መስመሮች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። በአንዱ ክፍል ማብሪያ ተጭኖ በሌላው ክፍል ያለው ማብሪያ ተጫንሁ ቢል ተጫዋቹ ይሳሳታል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያለው ግድግዳ ከሌሎች እንደሱ ካሉ ጋር ገጽ ሲጋራ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር በየተራው ስለሚገፋው ፍጥነቱ ይጨምራል። ጎረቤታሞች በአንድ ቆጣሪ መብራት ሲጠቀሙ የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሴክተሮችንም ማዋሐድ ይቻላል፤ ሁለት የተራራቁ ክፍሎች ከፍታቸውና ብርሃናቸው አንድ ከሆነ አንድ ሴክተር ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ጠንካራ ምክንያት አለ። ጨዋታው ጭራቁ ተጫዋቹን ሊያየው ይችል እንደ ሆነ ሁልጊዜ እንዳያሰላ፣ ከየትኛው ሴክተር የትኛው ሴክተር ፈጽሞ እንደማይታይ የሚናገር ሠንጠረዥ በካርታው ውስጥ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ጥንድ 1 ቢት ነው። የሴክተሩ ቁጥር ሲባዛ በራሱ፣ ሲካፈል ለስምንት። 100 ሴክተር ያለው ካርታ 1,250 ባይት ይበቃዋል፤ 1,000 ሴክተር ያለው 125,000 ባይት ይፈልጋል። ዐሥር እጥፍ ክፍል፣ መቶ እጥፍ ሠንጠረዥ። እያንዳንዱ የደረጃ መውጫ ርምጃ ደግሞ አንድ ሴክተር ነውና፣ ለጌጥ የተሠራ ባለ ሃያ ርምጃ ደረጃ ዋጋው ከሚመስለው በላይ ነው። ማዋሐድ የራሱ መዘዝ አለው፤ በዱም ድምፅ የሚዛመተው በሴክተር ነው። ተጫዋቹ በአንዱ ክፍል ሲተኩስ፣ በካርታው ማዶ ያለው የተዋሐደው ክፍል ውስጥ የነበሩት ጭራቆች ይነቃሉ።

ተማሪዎች ለማመን የሚከብዳቸው ግን የባዶ ቦታ ዋጋ ነው። ጨዋታው አንድ ሰው ግድግዳ መንካት አለመንካቱን በፍጥነት እንዲያውቅ ካርታውን ጎናቸው 128 በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍለውና በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የት እንደሚገኝ የሚያመለክተው ቁጥር 16 ቢት ነው። አንድ ሰው ዋናውን ሕንፃ በአንድ ጥግ፣ ምስጢራዊ ክፍሉን ደግሞ በሌላው ጥግ አድርጎ 32,000 በ32,000 የሆነ ካርታ ቢሠራ፣ 250 ጊዜ 250፣ 62,500 ካሬ ይወጣል። ቁጥሩ ሊያመለክት የሚችለው ቢበዛ ወደ 65,536 ቦታ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 62,500ው ለማውጫው ብቻ ያልቃል። አንድም መስመር ሳይዘረዘር! የዚህ መድኃኒት ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ምስጢራዊውን ክፍል ወደ ሕንፃው አጠገብ አምጥቶ መግቢያውን ማስተላለፊያ በር ማድረግ። ተጫዋቹ በማስተላለፊያ ስለሚሄድ ርቀቱን ሊያውቅ አይችልም። በዐሥር ሜትር ያለው ክፍል እጅግ ሩቅ ይመስለዋል።

አሁን የተማሪዎቼን ካርታ የገደለው ምን እንደ ሆነ ለማየት ደርሰናል። በካርታው ፋይል ላይ አንድ ነገር 10 ባይት ነው፤ ቦታው፣ አቅጣጫው፣ ዓይነቱ። ጨዋታው ሲከፈት ግን ያ ነገር በራም ውስጥ ይነቃል፤ ፍጥነት፣ ጤና፣ የሚያባርረው ጠላት፣ አሁን የሚታየው ሥዕል፣ ብዙ ነገር ይጨመርለታል። ከ150 ባይት በላይ ይሆናል። ተጫዋቹ ሴቭ ሲጫን የሚጻፈው ይህ የነቃው አካል ነው እንጂ 10 ባይቱ አይደለም። የሞተ ጭራቅ እንኳ ሬሳው ስለሚቀር ይቆጠራል። ለዚህ ሁሉ የተመደበው ቋት 180,224 ባይት ነው፤ በመስመሮቹና በሴክተሮቹ ላይ የደረሰው ለውጥም እዚያው ይጻፋል። ቋቱ ካለፈ ጨዋታው ስሕተቱን ጽፎ ይዘጋል።

ተማሪዎቼ 1,312 ነገር ነበራቸው። በፋይሉ ላይ 13,120 ባይት፤ ኢምንት። ሲነቃ ግን ወደ 200,000 ባይት ይደርሳል። ካርታውን ለሦስት ወር ሲፈትኑት በአቋራጭ ቁልፍ ከቦታ ቦታ እየዘለሉ ስለ ነበረ አንድም ጊዜ ሴቭ አልተጫኑም። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ስከታተላቸው የጠየቅኋቸው የፋይሉን መጠን ነበር።

ስለ ዱም አንድ ነገር ልጨምር። የፕሮግራሙ ምንጭ በ1997 መጨረሻ ላይ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ቡም የተባለው ሥሪት ብዙዎቹን ገደቦች አነሣ። ዛሬ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ከጠቀስኋቸው ገደቦች አብዛኞቹን አያውቋቸውም። ነገር ግን በጥንቱ ገደብ ውስጥ መሥራትን በፈቃዳቸው የሚመርጡ ካርታ ሠሪዎች እስከ ዛሬ አሉ። እኔም ለኮርሱ የጥንቱን ገደብ የሚያከብር ፕሮግራም የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ገደቡን በእጁ ካልነካው ስሌቱ አይገባውም።

በኋላ የመጡት ጨዋታዎች ካርታ ሠሪውን ከዚህ ድንገተኛ ሞት ለማዳን ሞክረዋል። በ2008 ሚዲያ ሞለኪውል ለፕሌይስቴሽን 3 የሠራው ሊትል ቢግ ፕላኔት ከሰሌዳው ጎን ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ዕቃ ሲጨመር ሙቀቱ ይወጣል፤ ሲሞላ ከዚያ በላይ መጨመር አይቻልም። የተጫዋቹ ትኩረት የሳበው ግን የሙቀቱ ጠባይ ነበር። አዲስ ዓይነት ቁስ መጀመሪያ ሲቀመጥ ሙቀቱ በጉልህ ይወጣል፤ ያንኑ ቁስ ሁለተኛ ጊዜ ሲያኖሩት በጥቂቱ ብቻ። ትርጓሜው አንድ ጊዜ ራም ውስጥ ስለ ገባ ቅጂው ርካሽ ነው። ጎበዝ ካርታ ሠሪዎች ይህን ካወቁ በኋላ ካርታቸውን በጥቂት የቁስ ዓይነቶች መሥራት ጀመሩ። ቴርሞሜትሩን እወደዋለሁ፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት። ብዙ ዓይነት ዋጋዎችን በአንድ ልኬት ስለሚያሳይ፣ ሙቀቱ ሲሞላ ምን ቢነሣ እንደሚሻል አይናገርም። ሠሪው እየነቀለ እየለካ ራሱ ያገኘዋል።

አሁን 17 ወደሚለው ቁጥር ልመልሳችሁ። ማይንክራፍት ዓለሙን የሚያስቀምጠው 16 በ16 በ16 በሆኑ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 4,096 ጡብ ይይዛል። ከ2018 ወዲህ በወጡት ሥሪቶች እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ የሚገኙትን የጡብ ዓይነቶች የሚዘረዝር የራሱ ማውጫ አለው፤ ጡቦቹ የሚጻፉት በማውጫው ተራ ቁጥር ነው። እስከ 16 ዓይነት ድረስ 4 ቢት ይበቃል፤ 2,048 ባይት። 17ኛው ዓይነት ሲጨመር ሁሉም 4,096 ጡብ 5 ቢት ይሆናል። በአንድ ባለ 64 ቢት ቃል ውስጥ ባለ 5 ቢት ቁጥር 12 ብቻ ስለሚገባ፣ በአሁኑ አሠራር ክፍሉ 2,736 ባይት ይሆናል። አንዲት አበባ መትከል 688 ባይት አስከፈለ ማለት ነው። ዳግላስ ስሚዝ በ1983 የቆመበት ደፍ ይኸው ነው።

ታዲያ አበባዋ ትነቀል? ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ታምቆ ነው ወደ ዲስክ የሚጻፈው፤ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም እመቃው ያቀልለዋል። ከዚያም በዲስኩ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ የምድር ቁራጭ ቦታ የሚያገኘው በ4,096 ባይት ሙሉ ክፋይ ነው። ታምቆ 4,100 ባይት የሆነ ቁራጭ ሁለት ክፋይ፣ 8,192 ባይት ይይዛል፤ 8,000 የሆነውም እንዲሁ። በብዙ ድካም ከ8,000 ወደ 5,000 የወረደ ሰው በዲስኩ ላይ አንድ ባይት አላተረፈም። ይልቁንስ ብዙዎች የማያዩት ትልቁ ወጪ ሌላ ነው። በማይንክራፍት ተጫዋቹ የረገጠው ብቻ ሳይሆን የቀረበው ምድር ሁሉ ይፈጠራል፣ ይጻፋልም፤ አንድ ድንጋይ ባይነካም። ካርታውን ለሌሎች ማካፈል የፈለገ ሰው ከሠራው ከተማ ውጪ በእግሩ የዞረበትን ምድር ማስወገድ ይችላል፤ ያው ምድር ከመነሻ ቁጥሩ እንደገና ይፈጠራልና። ተማሪዎቻችን ሥራቸውን የሚለዋወጡት በስልክ የኢንተርኔት ጥቅል በመሆኑ ይህ ለእኛ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም።

በኮርሱ ውስጥ አሁን የማስገድደው አንድ ልማድ አለ። ማንም ካርታ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ባዶ ካርታ ያስቀምጥና መጠኑን ይጻፍ፤ አንድ ዕቃ ጨምሮ እንደገና ያስቀምጥ፤ ያንኑ ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ጨምሮ ይለካ። ሦስት ቁጥር ያገኛል፤ የባዶው፣ የመጀመሪያውና የቅጂው። ይህን በካርታው ፋይል ላይም፣ በጨዋታ ማስቀመጫው ፋይል ላይም ያድርግ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የትኛው መመሪያ ከሚነግረው ይልቅ ስለ አሠራሩ ብዙ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ እጅግ ጭንቅ በሆነው ቅጽበት፣ ሁሉም ነገር ነቅቶ፣ በሮች ሁሉ ተከፍተው ሳለ፣ ሴቭ ይጫን። በማቅረቢያው ዕለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት።

የተማሪዎቼን ነገር ልጨርስላችሁ። ቡድኑ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠው። ሒሳቡን አብረን ሠራን፤ ወደ 300 የሚጠጋ ነገር መነሣት ነበረበት። ከ1,312ቱ 640ው ጧፍ ነበር፤ ጭራቅ 210። የእኔ ምክር ግልጽ ነበር፤ ጧፎቹ ይቀነሱ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ሥዕል ሆነው ይታዩ፤ የግድግዳ ሥዕል በማስቀመጫው ውስጥ ቦታ አይጨምርምና። በዚያ ላይ ጨዋታው በአንድ እይታ ከ128 በላይ ነገሮችን መሳል አይችልም፤ ከዚያ የተረፈውን ዝም ብሎ ይተወዋል። በሰፊው ግቢ ሲቆሙ አንዳንዶቹ ጧፎች የሚጠፉት ለዚህ ነበር።

ተማሪዋ አልተስማማችም። «ጧፉ ከተነሣ ዋዜማው የት አለ፣ ዶክተር?» አለችኝ። ሰፊውን ግቢ በዐለት ግድግዳ ከፍላ በአንድ እይታ የሚታዩትን ጧፎች ከገደቡ በታች አደረገች። ከጭራቆቹ 180ውን አነሣች። ጭራቅ ሲያንስ ጥይትና መድኃኒትም የሚፈልጋቸው ስለሌለ 122 እሽግ አብሮ ተነሣ። 1,010 ነገር ቀረ። ሲቀመጥ ከቋቱ በታች ሆነ።

ካርታውን እንደገና ያየው ያው ፈታኝ ሩብ ሰዓት ሙሉ በቦዩ ውስጥ ሲሄድ አንድም ጥይት አልተኮሰም። በመጨረሻ ሴቭ ተጫነ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

በዚህ አበቃለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ ክፍት ነው።